መወርወሪያው ብቻውን ቢሸምንስ? ፈላስፎች ስለ ሥራና ስለ ሠራተኛ ያሉት

አርስቶትል የዛሬ 2,300 ዓመት ገደማ አንድ ደስ የሚል ነገር ጽፏል። የሸማኔው መወርወሪያ ማንም ሳይነካው ቢሸምን፣ የክራሩ መምቻም ራሱ ክሩን ቢመታ ኖሮ፣ ባለሙያው ረዳት፣ ጌታውም ባሪያ ባላስፈለገው ነበር ይላል። የጻፈው እየተመኘ አይደለም። ይሄ መቼም ስለማይሆን ባሪያ የግድ ነው ለማለት ነው።

ባሕር ዳር ላይ ግን ሆነ። በ1961 ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተተከለ፤ መወርወሪያውም ያለ ሸማኔ እጅ ይመላለስ ጀመር። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው።) ታዲያ ሠራተኛ ማስፈለጉ ቀረ? ኧረ የት! ከየገጠሩ ሰው ተጠራርቶ መጣ፤ ትንሿ የሐይቅ ዳር ሰፈር ከተማ ሆነች። ማሽኑም መጣ፣ ሠራተኛውም በዛ።

ፈላስፎች ስለ ሥራ ሲከራከሩ ላይ ላዩን ስታዩት ጥያቄው «ሥራ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ይመስላል። ጠጋ ስትሉ ግን ሌላ ነው። ማን ይሥራ? ማን ይረፍ? ክብሩስ ለማን ይሁን? ሥራን ማክበርና ሠራተኛን ማክበር ለየቅል ናቸው። አብዛኞቹ አሳቢዎች አንዱን ይዘው ሌላውን ጥለዋል። እኛም ብንሆን ከዚህ የጸዳን አይደለንም።

ከግሪኮቹ እንጀምር። ፕላቶ ከተማ የሚመሠረተው ማንም ሰው ለራሱ ስለማይበቃ ነው ይላል። አንዱ ያርሳል፣ አንዱ ቤት ይሠራል፣ አንዱ ይሸምናል፣ አንዱ ጫማ ይሰፋል። ሁሉም የተካነበትን ሲይዝ ሁሉም ይጠቀማል። እስከዚህ ድረስ ማንም የሚቃወመው አይኖርም። ችግሩ የሚመጣው ሥልጣን ሲከፋፈል ነው። ገዢዎቹ ሌሎች ናቸው፤ ጫማ ሰፊው ጫማውን ይስፋ። አርስቶትል ደግሞ ከዚህም አለፈ። መልካም ሕይወት ትርፍ ጊዜ ይፈልጋል፤ ለማሰብ፣ ለመማር፣ በአገር ጉዳይ ለመምከር። የእጅ ባለሙያ ይሄ ጊዜ ስለሌለው ጥሩ የምትባል ከተማ ዜጋ አታደርገውም አለ። ትርፍ ጊዜ ያስፈልጋል ማለቱን እቀበላለሁ። ጊዜውን የገዛው ግን በሌላ ሰው ጀርባ ነው። ባሪያውን «ሕይወት ያለው መሣሪያ» እስከማለት የደረሰውም ለዚህ ነው።

ወደ ጣና ደሴቶችና ወደ ዘጌ የመጣው ሐሳብ ሌላ ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን አባ ጳኩሚስ ግብፅ ውስጥ መነኮሳትን በማኅበር ሲያደራጅ፣ የሚጸልየውና የሚሠራው ያው አንድ ሰው ሆነ። ሰሌን ይታታሉ፣ ይሸምናሉ፣ ያርሳሉ። ቅዱስ ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ ይተዳደር ነበርና «ሊሠራ የማይወድ አይብላ» ማለቱ አይገርምም። ዘጌ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ በቆየው ልማድ ክልክል ነው፤ ሰዉ የሚኖረው ከጫካው ሥር በሚለቅመው ቡና፣ በጌሾና በሎሚ ነው። እስልምናም በዚህ አይለይም። ነቢዩ ዳውድ ከእጁ ሥራ ይበላ እንደነበር፣ ከእጅ ሥራ የተገኘ ምግብም ከሁሉ እንደሚበልጥ በሐዲስ ተነግሯል። በ1377 የጻፈው የሰሜን አፍሪካው የታሪክ ጸሐፊ ኢብን ኻልዱን ነገሩን ወደ ኢኮኖሚ አምጥቶ፣ ሰው የሚያገኘው ሀብት ሁሉ በመሠረቱ የሰው ልፋት ዋጋ ነው አለ። የኢኮኖሚክስ አባት ከሚባለው ከአዳም ስሚዝ 400 ዓመት ቀድሞ መሆኑ ነው።

በገዳም ሥራ የሚከበረው ግን በዋናነት ለነፍስ ሲባል ነው። እጅ ሲፈታ ሐሳብ ይባክናል። የእኛ ሰው «ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ሲል ይቺኑ ማለቱ ነው። ከገዳሙ ውጭ ያለውን ጠይብና ሸማኔ ማን ያክብረው? ይሄ ጥያቄ በገዳሙ መልስ አላገኘም።

መልሱ የመጣው፣ ያውም በጣም በግልጽ የመጣው፣ ከዚሁ ከጣና ዙሪያ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ፣ አዲስ ዘመንን እንዳለፋችሁ እንፍራዝ ትገኛለች። ከአክሱም አካባቢ የተሰደደው ፈላስፋው ዘርአ ያዕቆብ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሰፈረው እዚያ ነው። ሀብቱ የሚባል ባለጸጋ ቤት ተጠግቶ፣ ዳዊት እየገለበጠ በብዕሩ ያድር ነበር። የሀብቱ ቤት አገልጋይ የነበረችውን ኂሩትን ሲያገባም፣ ከእንግዲህ ሚስቴ እንጂ ገረዴ አትሆንም፣ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸው የሚል አቋም ያዘ። በዚያ ዘመን ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለ ሥራ በደንብ የጻፈው ግን ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወት ነው። ወልደ ሕይወት የዚያው የባለጸጋው የሀብቱ ልጅ ነው። የሚለውን በራሴ አማርኛ ላስቀምጠው። ሥራ ፈጣሪ በጥበቡ ለሰው ያዘዘው ነገር ነው። ስለዚህ «ሥራ ለድሃ፣ ለቀጥቃጭ፣ ለግንበኛ፣ ለባለ እጅ ልጅ እንጂ ለትልቅ ሰው ልጅ አይገባም» አትበል፤ እንዲህ ያለው ሐሳብ ከትዕቢት ልብ የሚወጣ ነው። መብላት፣ መልበስ፣ መጠለል ለሁሉም እኩል የሚያስፈልግ አይደለም ወይ? ካስፈለገ ደግሞ መሥራትም የሁሉም ነው።

ልብ በሉ፤ ይሄ «ሥራ ክቡር ነው» ከሚለው ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ጥቅስ ይለያል። ወልደ ሕይወት የሚናገረው ለድሃው አይደለም። ድሃው መሥራት እንዳለበት ማንም ሊነግረው አያስፈልግም፣ ሆዱ ይነግረዋል። የሚናገረው ራሱ ለማይሠራውና የሚሠራውን ለሚንቀው ነው። ራሱ የባለጸጋ ልጅ ሆኖ መናገሩ ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። የነዘርአ ያዕቆብ ጽሑፎች የማን ናቸው የሚለው ያከራክራል። ኮንቲ ሮሲኒ የተባለው ጣሊያናዊ ምሁር በ1920፣ የጻፋቸው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያ የነበረው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ብሎ ተነሳ። ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። የማንም ይሁን፣ ያ አንቀጽ የተጻፈው የእኛን ንቀት በቅርብ በሚያውቅ ሰው ነው።

ንቀቱ ደግሞ እውነት ነበር። ብረት ቀጥቃጩ ጠይብ፣ ከዚያም አልፎ ቡዳ ይባላል። ማረሻውን ግን ከእሱ እንገዛለን። ሸክላ ሠሪዋን እንሸሻታለን፤ በምጣዷ ግን እንጋግራለን። ነገሩ እስከ ቤተ መንግሥት ደርሶ፣ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሰውን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ የሚጽፈውን ጠንቋይ እያላችሁ አትስደቡ የሚል ነው። አዋጅ እስኪያስፈልግ መድረሱ ራሱ ብዙ ይናገራል።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግ። የጣናን ታንኳ ተመልከቱ። ደንገሉ ይቆረጣል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ሲደርቅ በነዶ በነዶ ተደርጎ ይታሰራል፤ ማሰሪያው በጉልበት እየተሳበ ይጠበቃል፣ ጫፉ ወደ ላይ ቀና ይደረጋል። ሚስማር የለም፣ እንጨትም ብዙ የለም። ውሃ ላይ ሲቆይ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ አውጥቶ ማድረቅ፣ ሲያረጅም ሌላ መሥራት ነው። ይሄ ጥበብ ያላቸው ሐይቁ ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች ናቸው። ታንኳው ፖስት ካርድ ላይ ወጥቷል፣ ቱሪስት ፎቶ ያነሳዋል፣ ሆቴሎች በምስሉ ያጌጡበታል። ሠሪዎቹ ግን ለብዙ ትውልድ አብሯቸው የሚበላ፣ ከእነሱ የሚጋባ ሰው አጥተው ኖረዋል። ሥራው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፣ ሠሪው ደጅ ቀረ።

ወደ አውሮፓ ስንሻገር እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ በ1689 ባወጣው ሥራው ጥያቄውን ወደ ንብረት ወሰደው። ምድር የሁሉም ከሆነች አንድ ነገር «የእኔ» የሚሆነው እንዴት ነው? በልፋት፣ አለ። ጉልበቴ የእኔ ነው፤ ጉልበቴን የቀላቀልኩበት ነገርም የእኔ ይሆናል። ምሳሌው ለሐይቅ ዳር ሰው እንግዳ አይደለም። ባሕር የሁሉም ነው፤ የተያዘው ዓሣ ግን የያዘው ሰው ነው። ማለዳ ከጣና ቆሮሶና አምባዛ ይዞ የሚወጣ አስጋሪ ይሄን ለማወቅ ሎክን ማንበብ አያስፈልገውም።

ሎክ ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል። ለሌላውም በቂና ያንኑ ያህል ጥሩ የሆነ መቅረት አለበት። እዚህ ላይ ጣና አስቸጋሪ ምሳሌ ይሆንበታል። በሐይቁ ብቻ የሚገኙ የዓሣ ዝርያዎች ክረምት ላይ ለመራባት ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዝ ይወጣሉ። መረቡ ደግሞ የሚጠብቃቸው ወንዙ አፍ ላይ ነው። እያንዳንዱ አስጋሪ ለፍቷል፣ ላቡን አፍስሷል፤ በሎክ ሚዛን ዓሣው የእሱ ነው። ልፋቱ ሁሉ ሲደመር ግን ለከርሞ የሚቀረው ይሳሳል። «ለፍቼ ያገኘሁት ነው» የሚለው አባባል ትክክል ሆኖም ሙሉ መልስ የማይሆንበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

አዳም ስሚዝን ሁሉም የሚያውቀው በስፒል ፋብሪካው ነው። በ1776 እንደጻፈው አሥር ሰዎች ሥራውን ተከፋፍለው በቀን 48,000 ስፒል ያወጣሉ፤ አንድ ሰው ብቻውን ሁሉንም ቢሠራ 20 እንኳን ማውጣቱን እንጃ። ሰዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። ስሚዝ ግን በዚያው መጽሐፍ ወደ መጨረሻው አካባቢ፣ ዕድሜ ልኩን ሁለት ሦስት ዓይነት እንቅስቃሴ ብቻ የሚደጋግም ሰው አእምሮውን የሚያሠራበት አጋጣሚ ስለሚያጣ ሰው ሊደነዝዝ የሚችለውን ያህል ይደነዝዛል ይላል። መፍትሔው መንግሥት ሊያስተምረው ይገባል የሚል ነበር። የሥራ ክፍፍል አባት የሚባለው ሰው ዋጋውንም አይቶ ነበር።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ሄግል በ1807 ነገሩን ገለበጠው። ጌታና ባሪያ አሉ። ጌታው ያዝዛል፣ ተሠርቶ የቀረበለትን ይበላል። ባሪያው ከድንጋዩ፣ ከእንጨቱ፣ ከአፈሩ ጋር ይታገላል። ነገር ግን በትግሉ ዓለምን መለወጥ የሚችለው እሱ መሆኑን ያያል፤ የሠራው ነገር ፊቱ ቆሞ «አንተ ነህ የሠራኸኝ» ይለዋል። ጌታው ግን ያለ ባሪያው ምንም አይደለም። መከበርንም ቢፈልግ፣ የሚያከብረው እሱ ራሱ እንደ ሰው የማይቆጥረው ሰው ነው። እንዲህ ዓይነት ክብር ምን ያደርጋል?

ማርክስ ከዚህ ተነሳ። ሸረሪት እንደ ሸማኔ ትሠራለች፣ ንብም ቀፎዋን ስትሠራ ስንቱን አርክቴክት ታሳፍራለች ይላል። ቢሆንም ከንቦች ሁሉ ጎበዟን የማይረባው አርክቴክት እንኳን ይበልጣታል፤ ቤቱን ከመገንባቱ በፊት በሐሳቡ ሠርቶታልና። ስለዚህ ሰው ሰው የሚሆነው አስቦ ሲሠራ ነው። ሠራተኛው ሌላ ያሰበውን ብቻ የሚያስፈጽም፣ የሠራውም የእሱ ያልሆነ ጊዜ ከራሱ ሥራ ጋር ባዕድ ይሆናል። በሥራ ሰዓት እንግዳ፣ ቤቱ ሲገባ ብቻ ሰው። እኛ አገር ማርክስን የምናውቀው በደርግ መፈክር ስለሆነ ብዙ ሰው ስሙ ሲነሳ ፊቱን ያዞራል፤ አይፈረድበትም። ስለ ባዕድነቱ በ1844 በወጣትነቱ የጻፈው ሐሳብ ግን ከመፈክሩ ጋር አብሮ መጣል የለበትም።

ሲሞን ቬይ የምትባል ፈረንሳዊት ፈላስፋ ይሄን በወሬ ከማውራት ልየው ብላ በ1934 የአስተማሪነት ሥራዋን ለጊዜው ትታ ፋብሪካ ገባች። ያገኘችው ማርክሳውያን የሚጠብቁትን አልነበረም። ፍጥነቱና ትእዛዙ ሲደራረብ ሰው አይቆጣም፣ ዝም ብሎ መታዘዝ ይለምዳል። ማሰብ ራሱ ሕመም ይሆንበታል። በፈረቃ ለሚሠራ ሰው ይሄ አዲስ ነገር አይመስለኝም።

ጀርመናዊውን የማኅበረሰብ ምሁር ማክስ ዌበርን በአጭሩ ልለፈው። በ1905 ገደማ፣ የፕሮቴስታንት እምነት ተራ ሥራን የእግዚአብሔር ጥሪ በማድረጉ ለካፒታሊዝም መንገድ ጠረገ ብሏል። ብዙ ተጠቅሷል፣ ብዙም ተተችቷል። የዘጌ መነኮሳትን ቢያይ ምን ይል እንደነበር ግን አንዳንዴ አስባለሁ።

ለጣና ሰው ከሁሉም ይልቅ የምትቀርበው ጀርመን የተወለደችው ፈላስፋ ሐና አረንት ትመስለኛለች። በ1958 የሰውን ተግባር በሦስት ከፈለችው። አንደኛው ለመኖር ብቻ የምንደክመው ድካም ነው፤ ማብሰል፣ ማጠብ፣ ማረም። ያልቃል፣ ነገ እንደገና ይጀመራል። ሁለተኛው ጸንቶ የሚቆም ነገር መሥራት ነው። በ2024 የተመረቀው 380 ሜትር የዓባይ ድልድይ እዚህ ውስጥ ይገባል፤ ሠሪዎቹ ቢሄዱም እሱ ይቀራል። ሦስተኛው ሰዎች ተሰብስበው በንግግርና በውሳኔ የጋራ ነገር ሲጀምሩ ነው።

አሁን እምቦጭን አስቡት። በ2004 ዓ.ም. ሐይቁ ላይ የታየው ይሄ አረም በተመቸው ቦታ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ገበሬው እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ይነቅላል፣ ዳር ላይ ይከምራል፤ ሲመለስ ቦታው እንደገና ለምልሟል። የሚታይ፣ የሚመረቅ፣ ሪባን የሚቆረጥለት ነገር የለውም። ይሄ ድካም ባይኖር ግን ሐይቁም አይኖርም። አረንት እንዲህ ያለውን ተደጋጋሚ ድካም ከሦስቱ ዝቅ አድርጋ ታየዋለች፤ በዚህ አልስማማም። ከአርስቶትል የወረሰችው ንቀት ትንሽ ያልለቀቃት ይመስለኛል። ዘመቻው ሲጠራ የየቀበሌው ሰው ተመካክሮ የወጣው ግን እሷ ሦስተኛ ካለችው ይመደባል። ሁለቱ ለካ አብረው ይሄዳሉ።

ሥራውን እንቀንሰውስ? እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርትራንድ ራስል በ1932 በቀን አራት ሰዓት ይበቃል ብሏል። ኢኮኖሚስቱ ኬንስ ደግሞ በ1930፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ሰው በሳምንት 15 ሰዓት ይሠራል ብሎ ገመተ። 2030 ደርሷል ማለት ይቻላል፤ ጠዋት አደባባይ ጥግ አካፋ ይዞ ቀጣሪ ለሚጠብቅ የቀን ሠራተኛ፣ ወይም ተመርቆ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ዓይኑ ለፈዘዘ ወጣት ይሄን ብትነግሩት ይስቅባችኋል። የእሱ ችግር ትርፍ ጊዜ ማጣት አይደለም።

ትርፍ ጊዜ ሳይፈልጉት ሲመጣ ምን እንደሚሆን ደግሞ በጥናት ታይቷል። ኦስትሪያ ውስጥ ማሪየንታል የምትባል መንደር ነበረች፤ እሷም በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የቆመች። ፋብሪካው ተዘጋ። ማሪ ያሆዳና ባልደረቦቿ መንደሩን አጥንተው በ1933 ያወጡት ነገር ያሳዝናል። ወንዶቹ ቀኑን ሙሉ ጊዜ ቢኖራቸውም ከቤተ መጻሕፍት የሚዋሱት መጽሐፍ ቀነሰ። መንገድ ላይ ሲሄዱ እርምጃቸው ዘገየ፤ ያለ ምክንያትም ይቆማሉ። ሥራ ደመወዝ ብቻ እንዳልሆነ፣ ቀኑን ቀን የሚያደርገው እሱ እንደሆነ ታየ። አርስቶትል የተመኘው ትርፍ ጊዜ ክብርና ዓላማ ከሌለበት ሰውን ያደነዝዛል።

የዚያው ጥናት አንድ ዝርዝር ግን ከሁሉም ይገርመኛል። ሴቶቹ ከወንዶቹ ፈጥነው ነበር የሚራመዱት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ፋብሪካው ቢዘጋም ምድጃው አልተዘጋም። ምግብ አለ፣ ልብስ አለ፣ ልጅ አለ። «ሥራ አጥ» የተባለው መንደር ውስጥ ግማሹ ሰው ቀኑን ሙሉ ይሠራ ነበር። ማንም ሥራ ብሎ ስላልቆጠረው ብቻ ነው።

ለሴቶች መብት የምትከራከረው አሳቢ ሲልቪያ ፌዴሪቺ በ1975 የያዘችው ይሄንኑ ነው። የቤት ሥራ ፍቅር ተብሎ በነጻ ይወሰዳል፤ ያለ እሱ ግን ፋብሪካ ጠዋት የሚገባለት ሠራተኛ አያገኝም። ስለዚህ ይከፈልበት አለች። ከባሕር ዳር ብዙም በማይርቀው ፎገራ ወረዳ፣ አውራ አምባ ደግሞ ሌላ መንገድ መርጧል። በ1964 ዓ.ም. ዙምራ ኑሩ በመሠረቱት ማኅበረሰብ፣ ሥራ «የወንድ» እና «የሴት» ተብሎ አይከፈልም። ሴት ታርሳለች፣ ወንድ እንጀራ ይጋግራል። ክፍያ የለም፤ ድርሻ ነው ያለው። ጎረቤቶቻቸው ለረጅም ጊዜ በጥርጣሬ ነበር የሚያዩዋቸው፤ በደርግ ጊዜ ቀያቸውን ጥለው እስከመሰደድም ደርሰዋል። ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በአውቶቡስ እየሄደ ይጎበኛቸዋል። ከጎብኚዎቹ ወንዶች ቤታቸው ተመልሰው አብሲት የሚጥሉት ስንቶቹ እንደሆኑ ግን ሚስቶቻቸውን መጠየቅ ይሻላል።